የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጎርፉ ከሌላ ወረዳ ሲመጣ ከተማው ምን ያቅዳል?

የክረምቱ ወራት በተቃረበ ቁጥር ስለ ጎርፍ፣ ስለ መሬት መንሸራተትና ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ወደዚህ አምድ ይበዛሉ። በዛሬው ዕትም አራቱን መርጠን እንመልሳለን። ጠያቂዎቹ የሚኖሩባቸው ቦታዎች የተራራቁ ቢሆኑም የሁሉም ጥያቄ ወደ አንድ ጉዳይ ይመራል፤ ይኸውም አደጋው ከመድረሱ ከዓመታት በፊት ሰው የት እንደሚሰፍር፣ ውሃው በየት እንደሚያልፍና መሬቱ ለምን አገልግሎት እንደሚውል የሚወስነው የአካባቢ ፕላን ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ በደቻቱ ወንዝ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ መሠራቱ ይታወቃል። አሁን ከግንቡ ጀርባ የሚሸጥ ቤት አግኝተናል፤ ዋጋውም ከሌላው ሰፈር ይቀንሳል። ባለቤቴ «ግንቡ እያለ ምን እንሆናለን?» ይላል፤ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ግንቡ ይበቃናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱን ለመረዳት ግን ከግንቡ ሳይሆን ከተራራው መጀመር ያስፈልጋል። ደቻቱ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል ሰው በእግሩ የሚሻገርበት፣ ግመልና አህያ የሚነዳበት ደረቅ አሸዋ ነው። ውሃውን የሚያመጣው ከከተማዋ በስተደቡብ ካሉት የምሥራቅ ሐረርጌ ተራሮች ሲሆን፣ እነዚያ ተራሮች ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትርን ሲያልፉ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት አጭር፣ ቁልቁለቱም ብርቱ በመሆኑ ላይ የጣለው ኃይለኛ ዝናብ ከተማው ለመድረስ ጥቂት ሰዓታት ቢፈጅበት ነው። ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደቻቱ ሊሞላ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ወንዙ ሰው በተኛበት ሌሊት ሞልቶ ወጣ፤ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ደግሞ ቤት ንብረታቸውን አጡ። በቀናት ልዩነት ኦሞ ወንዝ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰዎችን የገደለው በዚያው ክረምት ነበር።

ወደ ግንቡ እንምጣ። ማንኛውም የጎርፍ መከላከያ ግንብ የሚሠራው ለተወሰነ የውሃ መጠን ነው፤ ከዚያ መጠን በላይ የሆነ ጎርፍ ሲመጣ ያልፈዋል ወይም ያፈርሰዋል። ለምሳሌ በየዓመቱ የመከሰት ዕድሉ ከመቶ አንድ ለሆነ ጎርፍ የተሠራ ግንብ በጣም አስተማማኝ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ በዚያ ቤት 30 ዓመት ቢኖር፣ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያን የሚያክል ወይም የሚበልጥ ጎርፍ የማየት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ከአራት ቤተሰብ አንዱን እንደማለት ነው። ቤት የሚገዛ ሰው ማሰብ ያለበት በዚህ ስሌት ነው።

ከዚህም በላይ ደቻቱ ተሸክሞ የሚወርደው ውሃ ብቻ አይደለም፤ አሸዋ፣ ኮረት፣ ቋጥኝና የተነቀለ ግንድ ሁሉ አብሮ ይመጣል። ውሃው ሜዳው ላይ ደርሶ ፍጥነቱ ሲቀንስ ሸክሙን እዚያው ወንዙ ወለል ላይ ያራግፋል። ሦስት ሜትር ሆኖ የተገነባ ግንብ ፊት ለፊት አንድ ሜትር ደለል ከተከማቸ የቀረን የሁለት ሜትር ግንብ ነው፤ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ግን ግንቡ ያው ግንብ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ለግንባታ የሚሆን አሸዋ ከግንቡ ሥር ያለ ሥርዓት ሲዛቅ መሠረቱ ይራቆትና በመጀመሪያው ጠንካራ ጎርፍ ሊገነደስ ይችላል። ስለዚህ ደለል መጥረግ በየዓመቱ በጀት የሚያዝለት መደበኛ ሥራ መሆን አለበት፤ አሸዋ ማውጣትም ከየት እስከ የት እንደሚፈቀድ በፕላን ተለይቶ መታወቅ ይኖርበታል። ሌላም ችግር አለ። ግንቡ የወንዙ ውሃ ወደ ሰፈር እንዳይገባ ሲያግድ፣ የሰፈሩ የዝናብ ውሃ ወደ ወንዝ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች በአግባቡ ካልተሠሩና ካልተጸዱ የሰፈሩን ውሃ እዚያው ያስቀረዋል፤ ወንዙ ሲሞላ ደግሞ በእነዚያው ቀዳዳዎች ወደ ኋላ ተመልሶ ይገባል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ግንቡ በሰው ዘንድ የሚፈጥረው መዘናጋት ነው። ግንብ ከተሠራ በኋላ ቀድሞ ሰው የሚሸሸው ቦታ ይፈለጋል፣ ቤት ይጠቀጠቃል፤ ግንቡ አንድ ቀን የተሸነፈ እንደሆነ የሚደርሰው ጉዳት ግንብ ባልነበረበት ዘመን ከሚደርሰው ሊበልጥ ይችላል። ኔዘርላንድስ ለዘመናት ግድብ በግድብ ላይ ስትገነባ የኖረች አገር ናት። በ1995 እ.ኤ.አ. ወንዞቿ ሞልተው 250,000 ገደማ ሰዎችን ከቤታቸው ካስወጣች በኋላ ግን በአንዳንድ ቦታዎች ግድቡን ከማሳደግ ይልቅ ወደ ኋላ መለሰችው። በናይሜኸን ከተማ ፊት ለፊት ግድቡ 350 ሜትር ወደ ውስጥ ተመልሶ ለውሃው ሁለተኛ መሄጃ ተቆፈረለት፤ በዚያ መስመር ላይ የነበሩ ቤቶችም ተነሡ። ድሬዳዋ ያን ያህል ገንዘብ ባይኖራትም ሐሳቡን ልትወስደው ትችላለች። ከወንዙ ዳር ያለውን መሬት ለኳስ ሜዳ፣ ለዛፍና ለቀን ገበያ ትቶ፣ ሌሊት ሰው የሚተኛበትን ቤት፣ ሆስፒታሉንና የመብራት ማከፋፈያውን ወደ ከፍታው መውሰድ በዋነኛነት የሚጠይቀው ቁርጥ ውሳኔ ነው።

ይሁንና የመፍትሔው ትልቁ ክፍል ያለው ከከተማው ወሰን ውጭ ነው። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ የከተማ አስተዳደር ስትሆን ጎርፉ የሚነሣባቸው ተራሮች በአብዛኛው በኦሮሚያ ክልል ይገኛሉ። የከተማው ፕላን ወሰኑ ላይ ያበቃል፤ የወረዳዎቹም የልማት ዕቅድ እንዲሁ። ተራራው ላይ እርከን ሲሠራ፣ ሸለቆው ውስጥ ክትር ሲደረደር፣ የተራቆተው ጋራ ከልቅ ግጦሽ ሲከለል ውሃው ይዘገያል፣ ደለሉም ይቀንሳል፤ መሬቱ ውሃ ጠጥቶ በጠገበበት ወቅት የሚጥልን ከባድ ዝናብ ግን እርከን ብቻውን አይመልሰውም። በዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ፤ ማሽላና ጫት ከሚያበቅልበት ጠባብ ማሳ ላይ ቀንሶ እርከን የሚሠራው የላይኛው ገበሬ ነው፣ ከጎርፍ የሚድነው ደግሞ የታችኛው ከተሜ ነው። ሥራው እንዲዘልቅ ከተፈለገ ከተማው ለላይኛው ተፋሰስ ሥራ ድርሻውን ማዋጣት ይገባዋል። የጋራ የተፋሰስ ፕላን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ አስተዳደሮች በአንድ ካርታ ላይ ተቀምጠው ማን ምን እንደሚሠራና ወጪውን ማን እንደሚችል የሚፈራረሙበት ሰነድ መሆን አለበት። የማስጠንቀቂያውም ነገር እንዲሁ ነው። ተራራው ላይ የዝናብ መለኪያ የሚያነብ ሰው ሌሊት ስልክ የሚደውለው ለማን እንደሆነ፣ ስልኩን ያነሣው ሰውም የበላይ ፈቃድ ሳይጠብቅ ድምፅ ማጉያውን ማስጮህ እንደሚችል አስቀድሞ ካልተወሰነ መለኪያው ብቻውን ማንንም አይቀሰቅስም።

ቤቱን በተመለከተ ከመፈራረምዎ በፊት አራት ነገር ያረጋግጡ። በሰፈሩ ከቆዩ አረጋውያን በ1998 ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ይጠይቁ፤ በአንዳንድ ቤቶች ግድግዳ ላይ ምልክቱን የሚያሳዩዎት አይጠፉም። ከማዘጋጃ ቤት ቦታው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ለምን አገልግሎት እንደተመደበ በጽሑፍ ይውሰዱ። ከቤቱ በር ተነሥተው ወደ ከፍታ ቦታ የሚያወጣውን መንገድ፣ በተለይም ልጅና አረጋዊ ይዞ በጨለማ ይወጡት እንደሆነ፣ በእግርዎ ሄደው ይመልከቱ። የቤቱ ወለል ከመንገዱ ዝቅ ያለ መሆን አለመሆኑንም ይዩ። ውሃው በ1998 የደረሰበት ቤት ከሆነና ወለሉም ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ አይግዙት እላለሁ።

ጥያቄ፦ በጎፋ ዞን ደጋ ውስጥ መምህር ነኝ። ከ2016ቱ የመሬት ናዳ አደጋ በኋላ በእኛም ቀበሌ ከገደሉ ሥር ያሉ አባወራዎች እንዲነሡ ተነግሯል። የታየላቸው ቦታ ግን ከእርሻቸውና ከእንሰታቸው በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ይርቃል፤ ሽማግሌዎቹ አንሄድም ብለዋል። እኔ ከየትኛው ወገን ልቁም?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል። መጀመሪያ የተናደው መሬት የቀበራቸውን ሰዎች ለማውጣት ጎረቤቱ፣ የቀበሌው አመራር፣ መምህሩና የጤና ባለሙያው ተሯሩጠው ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ፤ ከ220 በላይ ሰዎችም አለቁ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሰው ለማዳን የወጡ መሆናቸው ለዕቅድ አውጪው ከባድ ትምህርት ነው። ተዳፋት አንዴ ከተናደ በኋላ እንደገና የመናድ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ተዳፋቱን የሚጠብቅና የሚጮህ ሳይመደብ በጅምላ ወደ ፍርስራሹ መግባት እንደማይገባ እያንዳንዱ የደጋ ቀበሌ አስቀድሞ መለማመድ አለበት። ይህን ማለት ወገኑን ለማዳን የሮጠን ሰው መውቀስ አይደለም።

መሬቱ የሚናደው በብዙ ምክንያት ነው፤ የተዳፋቱ ቁልቁለት፣ የአፈሩ ዓይነት፣ ሥሩ አፈሩን ጠፍንጎ ይይዝ የነበረው ዛፍ መመንጠር፣ ለቤት ወይም ለመንገድ ተብሎ የተዳፋቱ እግር መቆረጥ፣ በመጨረሻም ለቀናት ያላባራ ዝናብ ይደማመራሉ። ዝናቡን ማስቀረት አንችልም፤ የቀሩት ግን በእጃችን ናቸው። ለዓመታት ሲሠራበት የነበረው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ስድሳ በመቶ ማለት አግድም መቶ ሜትር ሲኬድ ስድሳ ሜትር ሽቅብ የሚያስወጣ ዳገት ነው። የእናንተን ኮረብታዎች በዚህ መለኪያ ቢያዩዋቸው የታረሰው ምን ያህል እንደሆነ በዓይንዎ ይፈርዱታል። ድንጋጌው ያልተፈጸመው ገበሬው ሕግ ስለናቀ ብቻ አይመስለኝም፤ ቤተሰቡ በዝቶ መሬቱ ሲጠብ ዳገቱን ትቶ የሚሄድበት ሌላ ማሳ ስላልነበረው ጭምር ነው። ክልከላ ብቻውን ፕላን ሊሆን የማይችለው ለዚህ ነው።

የሽማግሌዎቹም እምቢታ ከዚሁ ይመነጫል። እንሰት በጓሮ የሚተከል፣ ፍግ በየጊዜው የሚፈልግ፣ ሴቶች በየቀኑ ማለት ይቻላል የሚደርሱበት ተክል ነው፤ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ እንሰት ለቤተሰቡ የጠፋ እንሰት ነው። በዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የአባቶች መቃብር፣ ዕድሩና ጉርብትናው አለ። እነዚህን ሳይቆጥር የሰው ቁጥርና የቆርቆሮ ብዛት ብቻ የሚቆጥር የማስፈር ዕቅድ በበጋ ሰውን ወስዶ በክረምት መልሶ ያጣዋል፤ ሰዎቹ ማሳቸውን ለማረም ተመልሰው እዚያው ገደሉ ሥር ጎጆ ይቀልሳሉ። ስለዚህ ለእርስዎ የምመክረው ሦስተኛ መንገድ ነው። ገበሬዎቹ፣ የወረዳው የግብርና ባለሙያና መሬቱን የሚያነብ የሥነ ምድር ባለሙያ አብረው ቀበሌውን በእግር ዞረው በእጅ የተሣለ ካርታ ያውጡ፤ ፈጽሞ ሊታደርበት የማይገባው ተዳፋት፣ ቀን ተውሎበት ሌሊት የሚለቀቀው፣ ያለ ሥጋት የሚኖርበት ተብሎ ይለይ። ብዙ ጊዜ በዚያው ቀበሌ ውስጥ በግማሽ ሰዓት መንገድ ጋራው ጀርባ ወይም ሰፋ ያለ አምባ ላይ የተሻለ ቦታ ይገኛል፤ ባለቤት ያለው መሬት ከሆነ ደግሞ የወረዳው አስተዳደር ካሳና ለውጥ ማመቻቸት አለበት። መሬቱ ለሁሉም ባይበቃ እንኳ ከገደሉ ሥር ያሉት ቤቶች ተነሥተው ማሳውና እንሰቱ ባለበት ይቀጥላል።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ልጆቹን ምልክቶቹን ያስተምሯቸው፤ እርስዎ ያለዎት ትልቁ ሥልጣን ይኸው ነው። ተዳፋቱ አናት ላይ እንደ ጨረቃ የታጠፈ ስንጥቅ ሲታይ፣ ዛፍና የአጥር እንጨት ሲያዘም፣ ቀድሞ ያልነበረ ምንጭ ሲፈልቅ ወይም የጠራው ምንጭ ሲደፈርስ፣ በሩ አልዘጋ አልከፈት ሲል፣ ዝናቡም ለቀናት ሳያቋርጥ ሲጥል የዚያን ሌሊት እዚያ ቤት አይታደርም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሌሊት ትምህርት ቤታችሁ መጠለያ ይሆን እንደሆነ ከርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋገሩ፤ በቅድሚያ ግን ትምህርት ቤቱ ራሱ የቆመበት ቦታ ከተዳፋቱ የራቀ መሆኑን አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። አዳማ ላይ ለእናቴ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት እያሠራሁ ነው፤ ምድር ቤቱ ለሱቅ ይከራያል። በ2017 የነበረው መንቀጥቀጥ እናቴን በጣም አስደንግጧታል። ከሩቅ ሆኜ ምን ልቆጣጠር?

መልስ፦ አዳማ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ናት፤ መንቀጥቀጡም እንግዳ ነገር አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ ከ6 በላይ የተለካ መንቀጥቀጥ ደርሶ የማጀቴን ከተማ ክፉኛ ጎድቷል። በ2017 በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ለወራት የቆየውና በታኅሣሥ መጨረሻ 5.8 ገደማ የደረሰው መንቀጥቀጥ ደግሞ በአፋርና በኦሮሚያ በሁለቱም በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቅሏል። ባለሙያዎቹ መነሻው ቅልጥ ዐለት ከመሬት በታች ሰንጥቆ መግባቱ እንደሆነ አስረድተዋል።

አገራችን የመሬት መንቀጥቀጥን ያገናዘበ የሕንፃ ዲዛይን ደረጃ አላት፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ከግንባታ ፈቃድ በፊት የፕላን ስምምነት እንዲወሰድ ደንግጎ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያ የፕላን ስምምነቱን፣ የአፈር ምርመራ ውጤቱንና ለመንቀጥቀጥ የተሠራውን ስሌት ቅጂ ይላኩልኝ ይበሉ። ከዚያ ኮለኖቹ (ምሰሶዎቹ) በኮንክሪት ከመሞላታቸው በፊት ፎቷቸውን በየፎቁ ያስነሡ። ፌሮውን የሚያቅፈው ስታፋ (ቀለበት ብረት) ከቢሙ (ከአግዳሚው ተሸካሚ) መጋጠሚያ አጠገብ ጠጋ ጠጋ ብሎ መታሰሩን፣ ጫፎቹም ወደ ውስጥ 135 ዲግሪ መታጠፋቸውን ይመልከቱ፤ 90 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ የቀረ ስታፋ ኮለኑ ክፉኛ ሲናወጥ ይከፈታል። ሌላው የሚያሳስበው ሱቁ ነው። የላይኛው ፎቅ በብሎኬት ግድግዳ ታጥሮ ምድር ቤቱ ለመስኮትና ለበር ተብሎ ሲከፈት፣ ጠንካራው አካል በደካማ እግር ላይ ይቆምና መንቀጥቀጡ ሁሉ ምድር ቤቱ ላይ ይበረታል። መሐንዲሱ ይህን አስቦ የምድር ቤቱን ኮለኖች አጠንክሮ እንደሆነ፣ ካልሆነም ተሸካሚ የኮንክሪት ግድግዳ ይጨምር እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቁት። ፎርማኑ «ይሄ ለትልቅ ሕንፃ ነው» ቢልዎ አይቀበሉት። የሚጨምረው ወጪ ከቤቱ ጠቅላላ ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው፤ ከተሠራ በኋላ ለማስተካከል ግን እጅግ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ በአንድ ወረዳ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ባለሙያ ነኝ። የወረዳችን የሥጋት መግለጫ ጥናት ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በጀት የለም እባላለሁ። ያለ በጀት ምን ይሠራል?

መልስ፦ ከሚያስቡት በላይ ይሠራል፤ ለአደጋ ተብሎ የተለየ በጀት ባይኖርም መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የውሃ መስመር በየዓመቱ በሌሎች ጽሕፈት ቤቶች በጀት ይሠራሉና። ወሳኙ ነገር የት እንደሚሠሩ ነው። የሥጋት ካርታዎ ከእነዚያ ጽሕፈት ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ካልደረሰ አዲሱ ትምህርት ቤት ርካሽ በመሆኑ ብቻ ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ትምህርት ቤቱን ተከትሎ መንገድ፣ መንገዱን ተከትሎ መብራት፣ መብራቱን ተከትሎም ሰው ይሰፍርበታል። ከዚያ በኋላ ያን ሰፈር ማንሣት በአንድ ወረዳ አቅም የሚቻል አይሆንም።

ስለዚህ ጥናቱን በሁለት ገጽና በአንድ ካርታ ያሳጥሩት። የዓመቱ ዕቅድ ካቢኔ ከመቅረቡ በፊት እያንዳንዱን የታቀደ ግንባታ በካርታው ላይ በነጥብ ያስቀምጡና ሥጋት ያለበት ተብሎ በቀይ በተከለለው ቦታ ውስጥ የወደቁትን ብቻ ለይተው ለአስተዳዳሪው በደብዳቤ ያሳውቁ፤ ቅጂውንም ለዞን ያድርሱ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ካገኘ በኋላ ውሳኔው የሚታወቅ ሰው ውሳኔ ይሆናል። ወረዳችሁ በሴፍቲኔት የታቀፈ ከሆነም በሕዝብ ሥራ የሚሠራው እርከንና ክትር የት እንደሚውል ለመወሰን በሚደረገው ስብሰባ ላይ ይገኙ። ብዙ ጊዜ ቦታው የሚመረጠው ለቀበሌዎች በእኩል እንዲዳረስ ተብሎ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ከታች ሰፈር ያለባቸው ሸለቆዎች እንዲቀድሙ ይከራከሩ። ሸለቆው ወደ ጎረቤት ወረዳ የሚሻገር ከሆነ የዚያን ወረዳ ባለሙያ በስብሰባው ላይ ይጋብዙ። የስልክ ቁጥሩንም ይያዙ፤ ሌሊት ውሃው ሲነሣ መጀመሪያ የሚያውቀው ከላይ ያለው ወረዳ ነው።